ከጭሱ ሥር የታየው ደም

አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር የሰው ክንድ ታስቆርጣለች ቢባል ታምናላችሁ? እኔ አምናለሁ፤ ዓረፍተ ነገሯን የተናገርኳት እኔ ነኝና። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ተናድጄ ነው የምጽፈው። ስንት ዓመት አለፈው፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። እውነቱን ለመናገር እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከመጣ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው ነው። እኔ ያኔ ሸዋ ሮቢት ውስጥ እንግሊዝኛ የማስተምር የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ፈረንጅ ሲያናግረኝ የማልሽኮረመም ሰው በመሆኔ ከተማው እንደ ትልቅ ሰው ይቆጥረኝ ነበር፤ እኔማ ራሴን ከዚያም በላይ እቆጥር ነበር። በዚያ ሙቀት ኮት የምለብስ ሰው ነበርኩ፤ ከዚህ በኋላ ስለ እኔ ብዙ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አቶ ዳኜ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ፈረንጆችን እያመጣ አውሬ የሚያሳድን ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ወረቀት ለመሙላት ያህል እንግሊዝኛ ቢያውቅም መናገር አይሆንለትም። «መምህር፣ ለአምስት ቀን አፍ ሁንልን» አለኝ። ሥራው ካማረ አዲስ አበባ ወስዶ ቢሮው ውስጥ እንደሚያስቀጥረኝም ጨመረልኝ። አዲስ አበባ ሲባል ጆሮዬ ቆመ። አፍ ሆንኩላቸው። ምን ዓይነት አፍ እንደሆንኩ አሁን ትሰማላችሁ።

እንግዳው ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ሰላምታ አይረሳም፣ ብስኩቱን ያካፍላል። ፍቅሩ ግን ጠመንጃው ነበረች። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራች፣ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን የተጋደሙባት፣ ሰደፏ የሚያብረቀርቅ ጠመንጃ። እንደ ዛሬዎቹ መሣሪያዎች አይደለችም፤ የምትተኩሰው በጥንቱ ጥቁር ባሩድ ነው። ጥይቷ ሱቅ ስለማይገኝ ራሱ ያዘጋጅላታል። ከሰዓት በኋላ ግራር ሥር ቁጭ ብሎ ባሩዱን በትንሽ የናስ ስፍር እየሰፈረ ቀለሁ ውስጥ ይጨምርና ከላይ በእርሳስ አረር ይደፍነዋል። ጥቁር ባሩድ ብረት ስለሚበላ፣ በተኮሰ ቁጥር ደግሞ አፈሙዞቹን በፈላ ውሃ ያጥባል። ወጥ ቤታችን «ለጠመንጃ ሻይ የምናፈላ እኛ ብቻ ነን» እያለ ያሾፍ ነበር።

ዘመናዊ መሣሪያ መግዛት የሚችል ሰው በዚህ አሮጌ ብረት ለምን እንደሚያድን ጠየቅሁት። «ሁለት ጥይት ብቻ ነው ያለኝ። ቅርብ ካልሆንኩ አልመታም። ስለዚህ ለአውሬው ዕድል እሰጠዋለሁ፤ ፍትሕ ማለት ይኼ ነው» አለኝ። ያኔ አደነቅሁት። ዕድሉን ለአውሬው ሲሰጥ ለእረኛውና ለውሃ ቀጂዋ ምን እንደሚተርፋቸው አልጠየቅሁትም።

አሁን ጋሽ ሰይድን ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ሰይድ ከጀውሃ በታች ያለ መንደር ሰው ናቸው። ማሽላና ማሾ ያርሳሉ፤ ግን አባታቸውም አያታቸውም አዳኝ ስለነበሩ ዱካ በማንበብ በዚያ ቆላ የሚስተካከላቸው አልነበረም። አውሬው ያለበትን እንዲመሩ የተቀጠሩትም ለዚህ ነው። ከአባታቸው የወረሷት ውጅግራ ነበረቻቸው፤ እሷም በጥቁር ባሩድ የምትተኩስ የጥንት ጠመንጃ ናት። መንግሥት ሲለወጥ መሣሪያ አስረክቡ ተባለና አስረከቡ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ጦርና ከወገብ ጩቤ በቀር ብረት አልነበራቸውም።

የእንግዳውን ጠመንጃ ያዩ ቀን አፈሙዟን አሽተቱ። «ወላሂ፣ ይቺስ የኔዋ ውጅግራ ታላቅ እህት ናት!» አሉ። ተረጎምኩለት፤ ፈረንጁ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ግማሽ ቀን በእጅ ምልክት ብቻ ሲጫወቱ ዋሉ። እኔ አላስፈለግኋቸውም። ምነው እስከ መጨረሻውም ባላስፈለግኋቸው ኖሮ!

ጋሽ ሰይድ ለእኔም ሁለት ነገር አስተማሩኝ። አንደኛው የጭሱ ነገር ነው።

«ጥቁር ባሩድ ነፋስ በሌለበት ከተኮስክበት ደመና ነው የሚወልድልህ» አሉኝ። «ተኳሹ ቆሞ ከጠበቀ አውሬው ይሙት ይሽሽ አያውቅም። እኛ ወጣት ሳለን ተኩሰን ወዲያው በደረታችን እንወድቅ ነበር። ጭስ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ መሬት ለመሬት አይሄድም። ከጭሱ ሥር ሁሉ ነገር ይታይሃል።»

ሁለተኛው የደም ነገር ነው።

«የመጀመሪያውን ደም ያወጣ ሰው የአውሬው ባለቤት ነው» አሉ። «ሌላው ቢጥለው እንኳ ገዳይ የሚባለው እሱ ነው። ግን ባለቤትነት ፉከራ ብቻ አይምሰልህ። ያቆሰለ ሰው አውሬውን እስኪጥል ቤቱ አይገባም። መከተል ካቃተው መንደር ለመንደር ዞሮ ‹አቁስያለሁ፣ ከብታችሁን መልሱ› ብሎ ይለፍፋል። ዝም ካለ፣ አውሬው የጎዳው ሰው ደም በእሱ ላይ ነው።»

«ያቆሰለው እንግዳ ከሆነስ፣ ጋሽ ሰይድ?»

«የመራው ሰው ይሸከማላ!» አሉኝ፣ ይህም ጥያቄ ነው ወይ በሚል ዓይን እያዩኝ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ ገና ሰማዩ ሲገረጣ፣ እንግዳው፣ ጋሽ ሰይድና እኔ በቅጠል በተሠራ መደበቂያ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ፊት ለፊታችን አንድ ግራር ላይ የፍየል ሥጋ ተሰቅሏል። ከግራሩ ጀርባ ሸለቆው በቁጥቋጦና በቁልቋል ጥቅጥቅ ብሎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አቶ ዳኜ ከላይ መንገዱ ላይ መኪናው ውስጥ ነው። የአደኑን ሁኔታ መዝግቦ እንዲፈርም ከመንግሥት የተመደበው ተቆጣጣሪ ታሞ ሸዋ ሮቢት ቀርቷል።

ነብሩ ሲመጣ አላየሁትም። ባዶ የነበረው ቅርንጫፍ ድንገት ነብር ሆነ። የምላችሁ እውነቴን ነው፤ ኮሽ ያለ ነገር አልነበረም። እንግዳው ጠመንጃውን ቀስ ብሎ አነሳ።  ጋሽ ሰይድ በጣታቸው «ቆይ፣ ቆይ» ይሉታል፤ ነብሩ ጎኑን እስኪሰጥ መሆኑ ነው። እሱ ግን አልቆየም። ተኮሰ።

ጆሮዬ ጭው አለ። ነጭ ጭስ ቦግ ብሎ ወጣና ፊታችን ላይ ቆመ። ቅጠል የሚያወዛውዝ ነፋስ አልነበረም። የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ አፈነን። እንግዳው ሁለተኛዋን ጥይት አዘጋጅቶ ቆሞ ይጠብቃል፤ ግን ምን አይቶ ይተኩስ? ጋሽ ሰይድ ተኩሱ እንደተሰማ በደረታቸው ተኝተው ነበር። ከመሬት ሆነው ጮኹ።

«ተመቷል! ከኋላ፣ ከሽንጡ በታች! እግሩን እየጎተተ ወደ ሸለቆው ገባ!»

እንግዳው ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት አቶ ዳኜ እያለከለከ ቁልቁል ደረሰ። የጋሽ ሰይድን ጩኸት ሰምቶታል። ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ።

«መምህር፣ ስማኝ። ፈቃዱ አንድ ነብር ብቻ ነው። ያቆሰለ እንደገደለ ይቆጠራል። ቆስሏል ካልከው አደኑ ዛሬ አለቀ፤ ባዶ እጁን አኩርፎ አገሩ ይገባል፤ ሌላ እንግዳም አይልክልንም። ‹ስቶታል፣ ሄዷል› በለው።»

«ጋሽ ሰይድ እኮ አይተውታል።»

«በዚህ ጭስ ሽማግሌ ምን ያያል? አዲስ አበባ መምጣት ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

ይህን ብሎኝ ራሱ ወደ ግራሩ ሄደ። ወዲያና ወዲህ አየ። ከዚያ በጫማው አፈር ገፋ አድርጎ አንድ ቦታ ላይ አለበሰ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። እኔ አየሁት። ጋሽ ሰይድም አዩት። መደበቂያው ውስጥ፣ ባልጠራው ጭስ መሃል የቆመው እንግዳ ብቻ አላየውም።

«ምን አለ?» አለኝ እንግዳው። «መትቼዋለሁ?»

እኔም በዚያ በምኮራበት እንግሊዝኛ፣ አነጋገሬን አሳምሬ፣ «አልተመታም፣ ሄዷል ይላሉ» አልኩት።

ይህችው ናት። ዓረፍተ ነገሯ ይህች ናት። ማንም መሣሪያ አልደገነብኝም፣ ማንም በጥፊ አልመታኝም። ሰው ሲዋሽ ብዙ ጊዜ ፈርቼ ነው፣ ተገድጄ ነው ይላል። እኔ የተገደድኩት በአንድ ወንበር ነው፤ ያውም ቀለሙን እንኳ ባላየሁት የቢሮ ወንበር።

«አፈር አለበሰው!» ብለው ጮኹ ጋሽ ሰይድ፣ አቶ ዳኜን እየጠቆሙ። «ደም አለበሰ! መምህር፣ ንገረው እንጂ!»

እንግዳው ግራ ተጋባ። «ለምንድነው የተቆጣው? እርግጠኛ ነው ወይ? ደም የለም?»

ሁለተኛ ዕድል ማለት ይህ ነበር። «ደም የለም። ጊዜ አናጥፋ፣ ሌላ ቦታ እንሂድ ነው የሚሉት» አልኩት። የእንግዳው ፊት ፈካ። የጋሽ ሰይድን ትከሻ መታ መታ አደረገ። እሳቸው እጁን አዩት፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

መኪናው ዘንድ ስንደርስ አቶ ዳኜ ሞተሩ ክዳን ላይ በእንግሊዝኛ የታተመ ወረቀት ዘረጋ። ተቆጣጣሪው ስለሌለ፣ በእሱ ፋንታ መሪው አሻራ፣ አስተርጓሚው ፊርማ ያኖራሉ አለ። ባዶ ቦታዎቹን ራሱ ሞላ። ቆሜ አነበብኩት። «ተኩሱ አልመታም፤ ደም አልታየም፤ የቆሰለ እንስሳ የለም» ይላል።

ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን በሩቁ አዩት። ማንበብ አይችሉም፤ በአማርኛም ቢሆን።

«የደሙን ነገር ጽፋችኋል?» አሉኝ።

«ተጽፏል» አልኳቸው።

«መቁሰሉን?»

«ሁሉም ተጽፏል፣ ጋሽ ሰይድ።»

«በል እንግዲህ፣ ቢስሚላህ» ብለው የግራ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። እኔ ከጎኑ ፈረምኩ። ፊርማዬ ያኔ ጭራ የበዛባት፣ ቆንጆ ፊርማ ነበረች።

ጣታቸውን በአፈር እየጠረጉ ወደ አቶ ዳኜ ዞሩ። «አሁን ጠመንጃይቱን ስጡኝና ልከተለው። ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ የሚወርዱት በዚህ ሸለቆ ነው። ነገ ደግሞ ገበያ ነው፤ አገር ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው።»

«መሣሪያ ለአካባቢ ሰው አይሰጥም» አለ አቶ ዳኜ። «አንተ ሽማግሌ፣ የሌለ ነብር ምን ያስከትልሃል? ግባ፣ ቁርስ እንብላ።»

«እኔ የመራሁት ሰው ያወጣው ደም ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ። ጦራቸውን አንስተው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቁልቁል ወረዱ። ጀርባቸው ቁጥቋጦው ውስጥ እስኪጠፋ አየኋቸው። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገባሁ። አዎ፣ ገባሁ! ይህንንም እወቁልኝ።

ብዙ አልሄድንም። መታጠፊያው ላይ አራት ሴቶች ቢጫ ጀሪካናቸውን በጀርባቸው አዝለው እየተሳሳቁ ሲመጡ አገኘናቸው። አንዷ የተማሪዬ እናት ናት፤ አወቀችኝና እጇን አውለበለበችልኝ።  «አቁም!» አልኩት ሾፌሩን። አቶ ዳኜ «ምን ሆንክ?» ሲል በሩን ከፍቼ ወርጄ ነበር።

«ተመለሱ!» አልኳቸው። «ሸለቆው ውስጥ ቁስለኛ ነብር አለ! ለመንደሩ ንገሩ፣ ማንም እንዳይወርድ!»

በዚያ ቀን የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት ይህ ነው። አቶ ዳኜ ስሜን እየጠራ ሰደበኝ። እኔ ኮቴን ጥዬ ወደ ሸለቆው ሮጥኩ።

ጋሽ ሰይድን ያገኘኋቸው አንድ ቅጠል ላይ ጎንበስ ብለው ነው። ዞረው እንኳ አላዩኝም። «እግርህን እኔ በረገጥኩበት ርገጥ» አሉኝ በሹክሹክታ። ቅጠሉ ላይ የጠቆረ ደም አለ። «ይኼ የሆድ ደም ነው። ቶሎ አይገድለውም። አምርሯል።»

ሦስት ሰዓት ያህል ተከተልነው። ያ መንገድ በጤናው ቀን ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አንድ እርምጃ እንሄዳለን፣ እንቆማለን፣ እናዳምጣለን። ፀሐይዋ ወጣች፣ ሙቀቱ በረታ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ቆንጥሩ ሸሚዜን ቀደደው። አንድ ቦታ ላይ ደሙ ጠፋ፤ ጋሽ ሰይድ ቁጭ ብለው ረጅም ጊዜ አሰቡ። እኔም ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«ጋሽ ሰይድ» አልኩ፣ «ያሉትን አልተረጎምኩለትም። ወረቀቱም...»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ቋንቋ ባላውቅ ፊት አውቃለሁ። ሰው ነብር እንዳቆሰለ ከነገሩት ትከሻ እየመታ አይስቅም። ወረቀት ላይ ግን ትዋሻለህ አላልኩም። አሁን ዝም በል፤ ነብር ይሰማል።»

ጋቢያቸውን አወረዱና ግራ ክንዳቸው ላይ ከእጃቸው እስከ ክርናቸው ደጋግመው ጠመጠሙት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ገብቶኛል።

ደሙ የጠፋው ነብሩ ዞሮ በራሱ ዱካ ስለተመለሰ ነበር። እኛ ፊት ፊት ስናይ እሱ ከኋላችን ነው። የሰማሁት እንደ ሳል ያለ አጭር ድምፅ ነው። ዞር ስል ቢጫ ነገር በአየር ላይ መጣብኝ። ወደ እኔ ነበር የመጣው፤ ይህን አትርሱብኝ፣ ወደ እኔ! ጋሽ ሰይድ ግን በትከሻቸው ገፍተው ጣሉኝና መሃል ገቡ። ግራ ክንዳቸውን አፉ ውስጥ ከተቱት። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። አብረው ወደቁ። ጦራቸውን በቀኝ እጃቸው ከብረቱ ሥር አሳጥረው ይዘው ደረቱን ወጉት፣ ደግመው ወጉት። እኔ ምን አደረግሁ? ድንጋይ አንስቼ ቆምኩ። የት እንደምመታ ጠፍቶኝ ድንጋዩን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ሁሉም ነገር ሲያበቃ ነብሩ እላያቸው ላይ ሞቶ ነበር። መንጋጋውን በጩቤያቸው ፈልቅቄ ነው ክንዳቸውን ያወጣሁት። ክንድ የሚባል ነገር አልነበረም። ሸሚዜን ቀድጄ ከክርናቸው በላይ አጥብቄ አሰርኩት።

«ሴቶቹ?» አሉኝ።

«መልሻቸዋለሁ።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጩኸቴን ሰምተው የመንደሩ ሰዎች መጡ። እሳቸውን በቃሬዛ፣ ነብሩን በእንጨት ተሸክመን መንገዱ ላይ ስንወጣ ወሬው ደርሶት የአቶ ዳኜ መኪና ቆሞ ጠበቀን። አቶ ዳኜ ከመኪናው ዱብ አለ። ወደ ቃሬዛው የሄደ መሰላችሁ? ወደ ነብሩ ነው የሄደው! ገለባበጠው። ከሽንጡ በታች አውራ ጣት የሚያህል ቀዳዳ አገኘ፤ በዚያ አገር እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚያወጣ መሣሪያ አንድ ብቻ ነበር።

«የኛ ነው!» አለ ፈገግ ብሎ። «የእንግዳው ጥይት ነው። እናንተስ አገር የመጀመሪያ ደም ያወጣ አይደል ገዳይ የሚባለው? ቆዳውን በጥንቃቄ ግፈፉት፣ ጭንቅላቱን እንዳትነኩ።»

ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ በቀለም ልጽፈው አልችልም። በጠዋት ነብር አልነበረም፣ ደም አልነበረም። ረፋዱ ላይ ነብሩም የእነሱ፣ ደሙም የእነሱ፣ ባህሉ ሳይቀር የእነሱ ሆነ! ሽማግሌው ያስተማሩንን የአዳኝ ሕግ ከክብሩ በኩል ያለውን ግማሽ ቆርጦ ወሰደና ከሸክሙ በኩል ያለውን ቃሬዛ ላይ ተወላቸው።

ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ገለጡ። ድምፃቸው ደክሟል፣ ግን ሁላችንም ሰማናቸው።

«በጠዋት አፈር ያለበስከውን ደም አሁን አንተ ልትለብሰው ነው? ባለቤቱ ከሆንክ የት ነበርክ?»

እንግዳው ከመኪናው ወርዶ አጠገቤ ቆሟል። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ምን አለ?»

አቶ ዳኜ በዓይኑ ያዘኝ። እኔ ግን በዚህ ጊዜ አንዲት ቃል አላስቀረሁም። ተመቷል ብለው መጮኻቸውን፣ ደሙ አፈር መልበሱን፣ ወረቀቱን፣ ጠመንጃ ለምነው መከልከላቸውን፣ አሁን ያሉትንም። በመጨረሻም «አልተመታም ያሉት እሳቸው አይደሉም፤ እኔ ነኝ» አልኩት።

የእንግዳው ፊት መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ። ወደ አቶ ዳኜ አልዞረም። ወደ እኔ ነው የዞረው።

«ሁለት ጊዜ ጠይቄሃለሁ» አለኝ። «ሁለት ጊዜ!»

ቀጠለ፦ «ይህ ጠመንጃ በመቶ ዓመት ዕድሜው አቁስሎ የተወው እንስሳ የለም።»

ልብ በሉ! ክንዱ የተሰባበረ ሰው እግሩ ሥር ተኝቶ፣ የጠመንጃው ስም ነው ያንገበገበው። ሆኖም ቆዳውን አልወስድም አለ፤ የመኪናውን የኋላ በርም በገዛ እጁ ከፍቶ ቃሬዛውን አስገባ። ይህን መካድ አልችልም። በማግስቱ አገሩ ሄደ፤ ስለ ጋሽ ሰይድ ጠይቆ የላከው ነገር ስለመኖሩ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ጋሽ ሰይድ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተላኩ። ክንዳቸው ከክርኑ በላይ ተቆረጠ። ልጃቸው የተቆረጠችውን ክንድ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ ከመንደሩ መቃብር ቀበራት።

ከወር በኋላ ከልጃቸው ጋር አቤት ለማለት ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ጉዳዩን የያዘው ሰውዬ መሳቢያውን ከፍቶ ያንን ወረቀት አወጣ፤ አቶ ዳኜ ቀድሞን አድርሶታል።

«የቆሰለ እንስሳ እንደሌለ ሽማግሌው ራሳቸው በአሻራቸው አረጋግጠዋል። ሸለቆው ውስጥ የገቡት በገዛ ፈቃዳቸው ነው» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ አየ። «ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ነው? ያኔ የፈረምከው ወይስ አሁን የምትለው?»

«ያኔ የፈረምኩት።»

«ጥሩ። ውሸት መፈረሙን ያመነ ሰው ምስክርነቱ አይያዝም» ብሎ አቃፊውን ዘጋ። ጠረጴዛውን መታሁ፣ ጮህኩ፣ ጥበቃ ተጠርቶ አስወጣኝ።  

ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው። የማሾ ማሳቸው ዳር ተቀምጠው ነበር። «እስቲ ያን ወረቀት አሁን አንብብልኝ» አሉኝ። በእጄ አልነበረም፤ ግን አንድ በአንድ በቃሌ ነበር። በአማርኛ አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«ያቺ ጣቴ ብትኖር ሄጄ ‹አታለሉኝ› ብዬ ሌላ አሻራ እጫን ነበር» አሉ። «የሞተ ምስክር ቃሉን አይለውጥም።» ቀጥለውም ጨመሩ። «አንተን አፉ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ሴቶቹን መልሰሃል።»

እሳቸው አፉ ብለውኛል፤ እኔ ግን ለራሴ አላልኩም። እናንተም ቸኩላችሁ አትበሉልኝ። ስታነቡ አቶ ዳኜን እንደረገማችሁት አውቃለሁ፤ ርገሙት፣ ይገባዋል። ፈረንጁንም ታዝባችሁታል። ግን ሁለቱም በእኔ አፍ ባይሆን ምንም ማድረግ አይችሉም ነበር። ያልተማረ ሰው አጠገብ የቆመ የተማረ ሰው ሲዋሽ፣ ያ ከስርቆት በምን ይሻላል? በየቢሮው በር «እዚህ ጋ ይፈርሙ እናቴ፣ ምንም አይደለም፣ ለደንቡ ያህል ነው» የምትሉ ሁሉ፣ ለእናንተ ነው የምናገረው። ለደንቡ ያህል የሚባል አሻራ የለም!

አዲስ አበባ አልሄድኩም። እዚሁ ሸዋ ሮቢት አስተምራለሁ። በገበያ ቀን ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ለመጣ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ቢሮ ያሉት አይወዱኝም። «ይኼ ነገረኛ መምህር መጣ» ይላሉ። ነገረኛ መሆን ያለብኝ በዚያች ማለዳ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐረፉ። ጀናዛቸውን ሸኝቻለሁ። መቃብራቸው የተቆፈረው ክንዳቸው ከተቀበረችበት አጠገብ ነው፤ ሰዉም «አልሃምዱሊላህ፣ አካላቸው አንድ ቦታ ተሰበሰበ» ሲል ሰማሁ። ግን አንድ የቀረ አለ። ወረዳው መዝገብ ቤት፣ «ደም አልታየም» ከሚለው መስመር ሥር፣ የግራ አውራ ጣታቸው አሻራ ከእኔ ፊርማ ጎን ዛሬም ተቀምጧል።